ጊዜ አይጨመርልን፤ ታጥቀን እንሩጥ

ዘንድሮ በሁለተኛው ተርም የአማርኛ ክበባችን ያዘጋጀው የአጭር ፊልም ውድድር ካለቀ በኋላ፣ በወላጆችና በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «ለሚመጣው ዓመት ልጆቹ በ48 ሰዓት ፋንታ ሁለት ሳምንት ይሰጣቸው» የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት አባት ንግግራቸውን የጀመሩት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ፤ ሲሮጥ ከተፈታባቸው አንዱ እኔ ነኝና። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ተረቱን በደንብ እንዳልሰማሁት ገባኝ። ተረቱ «አትሩጡ» አይልም። የሚወቅሰው መታጠቂያውን ጊዜ ነው።

ኮሚቴው በሚመጣው ዓመት መጀመሪያ ላይ ይወስናል። እኔ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ስለምጨርስ ውሳኔው እኔን አይነካኝም። ከእኔ በኋላ ለሚወዳደሩት ታናናሾቼ ስል ግን የምለው አለኝ። ጊዜ አትጨምሩላቸው። መታጠቂያውን ስጧቸው።

ውድድሩን ላላያችሁ ሕጉን ባጭሩ ላስታውስ። አምስት ቡድኖች ነበርን፤ በእያንዳንዱ ቡድን ስድስት ተማሪዎች። ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበን ሦስት ዕጣ አወጣን፦ አንድ ርእስ፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ሦስቱም ፊልሙ ውስጥ መግባት አለባቸው። ፊልሙ በአማርኛ ሆኖ ከአምስት ደቂቃ መብለጥ የለበትም፤ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በፍላሽ ይረከባል። ለእኛ ቡድን «እንግዳ» የሚል ርእስ፣ ጀበና፣ እና «ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ደረሰን። እሑድ ማታ ሁለት ቡድኖች በሰዓቱ አስረከቡ፤ ሁለቱ ዘገዩ፤ አንዱ ጭራሽ አላስረከበም። የእኛ ቡድን ከዘገዩት አንዱ ነው፤ በ11 ደቂቃ። ፊልማችን በበዓሉ ቀን ለወላጆች ታየ እንጂ ለውድድር አልቀረበም። ዳይሬክተሩ እኔ ነበርኩ።

ይህ ዓይነቱን ውድድር እኛ አልፈጠርነውም። በ2001 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዲሲ የተጀመረው «የ48 ሰዓት የፊልም ፕሮጀክት» ከዚያ ወዲህ በብዙ የዓለም ከተሞች ተካሂዷል። እዚያም ቡድኖች ዓርብ ማታ የፊልሙን ዓይነት በዕጣ ይወስዳሉ፤ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ዕቃና አንድ የንግግር መስመር ይሰጣቸዋል፤ እሑድ ማታ ያስረክባሉ። ዕጣው ለጨዋታ ማሟቂያ ብቻ የገባ አይደለም። ቀድሞ የተሠራ ፊልም ይዞ መምጣትን ይከለክላል፤ ሁሉም ከባዶ እጅ እንዲነሣ ያደርጋል። ለእኛ ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከመካከላችን አጎቱ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራለት፣ ቤቱ ጥሩ ካሜራና ጥሩ ኮምፒውተር ያለው ልጅ አለ። የእናቱን ስልክ ለምኖ የሚቀርጽም አለ። ሁለት ሳምንት ሲሰጥ የመጀመሪያው ልጅ ፊልሙን አጎቱ ያሳምርለታል። በ48 ሰዓት ውስጥ ግን አጎትም አይደርስም።

ሁለት ሳምንት ምን እንደሚመስል ደግሞ እናውቀዋለን። የታሪክ የቡድን ሥራ ሁለት ሳምንት ተሰጥቶን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አሥራ ሁለቱ ቀን አለፈ፤ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተደዋወልን፤ በአሥራ አራተኛው ሌሊት አንዲት ጎበዝ ልጅ ለብቻዋ ጻፈችው፤ የስድስታችንም ስም ሽፋኑ ላይ ወጣ። ሁለት ሳምንት የሰጠን ያው ሁለት ሌሊት ነው። ልዩነቱ አምስታችን ተኝተን ማደራችን ብቻ ነው። ፊልም ውድድሩ ላይ ግን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው ከቀረ ካሜራ የሚይዝ የለም። ሁሉም እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያያል።

እንግዲህ ያጠፋሁትን ልናገር። ዓርብ ማታ ዕጣውን ከያዝን በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ስንከራከር አመሸን። እኔ «እንግዳ» ሲባል ትልቅ ነገር ነበር የታየኝ፤ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአገር የሚመጣ ወንድም፣ ሻንጣ፣ ልቅሶ። በአደባባይ ለመቅረጽ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አንዷ ጓደኛችን ደጋግማ ነገረችኝ። «ነገ እናየዋለን» አልኳት። ስድስት ሰዓት ሲሆን በእጃችን የነበረው ሦስት ገጽ ያልተጨረሰ ታሪክ ነው። ፊልም ሠሪዎች አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ይሆናል ብለው ይቆጥራሉ። የእኔ ሦስት ገጽ ግን ሦስት አገር ያዞር ነበር።

ያዳነችን የዚያችው ጓደኛችን አያት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ለመቀመጥ ያህል እነሱ ቤት፣ ኢስሊ ሄድን። እማማ ቡና እያፈሉ ነበር። ጀበናዋን አይተን «እማማ፣ እባክዎ ሲቀዱ ብቻ እንቅረጽዎ» ብለን ለመንናቸው። «የቱን ስቀዳ ነው የምትቀርጹኝ? አቦሉን፣ ቶናውን ወይስ በረካውን?» አሉን። እርስ በርስ ተያየን። ታሪኩ የመጣው ያን ጊዜ ነው። አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቷ ተቆልፎ ታገኘዋለች። ጎረቤት ያሉ አሮጊት ለቡና ይጠሯታል። በአቦሉ ስልኳን ትነካካለች፤ በቶናው ስልኩን ታስቀምጣለች፤ በበረካው ትስቃለች። ልትነሣ ስትል አሮጊቷ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው «ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው» ይሏታል። ከመጀመሪያውም እሳቸው ጋ ነበር። እናቷ አደራ ሰጥታቸው ሄዳለች። ሰው አምሯቸው ነው የደበቁት።

አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰው፣ ሦስት ስኒ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ታሪኬ ይህ እንደሚበልጥ ለማወቅ የፊልም ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ሁለት ሳምንት ቢኖረኝ ግን ይህን ታሪክ አላገኘውም ነበር። ፈቃድ ስለምን፣ ሻንጣ ስዋስ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ላይ እቀር ነበር። ጊዜው ማጠሩ ትልቁን ሐሳቤን አስጥሎ አጠገቤ ያለውን አሳየኝ።

ይህ በእኛ የተጀመረ አይደለም። የሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 እ.ኤ.አ. ያሳዩአቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው 50 ሰከንድ ገደማ ነበሩ፤ ካሜራው የሚይዘው የፊልም ጥቅል 17 ሜትር ያህል ብቻ ስለነበር። ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያሳየው ፊልማቸው ዛሬም ይታያል። መያዣው ጠባብ ስለሆነ ካሜራውን የት እንደሚያቆሙና መቼ ማዞር እንደሚጀምሩ አስቀድመው መወሰን ነበረባቸው። የእኛው ኃይሌ ገሪማም «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የተባለውን በ1976 እ.ኤ.አ. የታየ ፊልሙን የቀረጸው በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ሙያቸው ተዋናይነት ባልሆነ ሰዎች፣ በሳምንታት ውስጥ ነው። ያው ሰው በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘውን «ጤዛ»ን ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ስለዚህ «ፈጣን ሁሉ ጥሩ ነው» እያልኩ አይደለም። ጊዜ የሚያስፈልገው ሥራ አለ። የአምስት ደቂቃ የተማሪ ፊልም ግን ከእሱ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልመለስ። የእማማ ሳሎን ውስጥ አንድ ፍሪጅ አለ። ድምፅ እንድትይዝ የመደብናት ልጅ ማይኩን ከሰካች በኋላ «ፍሪጁ እየጮኸ ነው፤ ይጥፋ» አለችኝ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ጆሮ ለምዶት ያልፈዋል፤ ማይክ ግን አያልፈውም። ሰዓቱን አይቼ «እንለፈው፤ ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» አልኳት። በአቦሉም በቶናውም እንዲህ አልኳት። በበረካው አልጠየቀችኝም። ሄዳ ፍሪጁን አጠፋችና የራሷን የቤት ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠች። ለምን ብላት «ቁልፌን ሳልይዝ ቤቴ አልገባም፤ ስለዚህ ሳላበራው አልሄድም» አለችኝ። ይህ የድምፅ ባለሙያዎች የታወቀ ዘዴ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። እማማ ለእሑድ ያስቀመጡት ሥጋ እንዳይበላሽ ያሰበችው እሷ ብቻ ነበረች።

በዚህ አላበቃችም። እኛ ምሳ ስንበላ እማማንና ተዋናይዋን ጓዳ ወስዳ የአቦሉንና የቶናውን ንግግር እንደገና አስደገመቻቸው፤ ድምፁን ብቻ ቀዳች። ከዚያ ሁላችንንም ዝም አሰኝታ የባዶውን ክፍል ዝምታ አንድ ደቂቃ ቀዳች። ሳቅንባት። «ዝምታ ምን ይደረጋል?» አልናት። እሑድ ጠዋት ኤዲቲንግ ስንጀምር ገባን። የአቦሉ ንግግር ከፍሪጁ ጩኸት አልለይ አለ። እሷ ጓዳ ውስጥ የቀዳችውን አስገባን፤ ከሥሩ ያን የአንድ ደቂቃ ዝምታ ዘረጋን፤ ቁርጥራጩ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ እንደተነገረ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ እናቶች ዕንባቸውን ሲጠርጉ ያየሁት በእማማ ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ ያተረፈችው እሷ ናት።

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። የላፕቶፑ ባትሪ አለቀ። መብራት ሲመለስ እየተጣደፍን ጨረስን፤ ፊልሙን ወደ አንድ ፋይል ለመለወጥ ብቻ 40 ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ በፊት በነበሩት ደቂቃዎች የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዳይሬክተር፣ ጸሐፊ፣ ካሜራ፣ ኤዲተር፣ ተዋንያን፤ ለእማማም ምስጋና። ድምፅ የሚል አልጻፍኩም። የእሷ ስም የለም።

በበዓሉ ቀን እናቷ ሥራ አስፈቅደው መጥተው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊልሙ አልቆ ስሞች መውጣት ሲጀምሩ ስልካቸውን ከፍ አድርገው መቅረጽ ጀመሩ፤ የልጃቸውን ስም ለመያዝ። ስሞቹ አለቁ። ስልኩን ቀስ ብለው አወረዱት። ልጅቷ ወደ እኔ አላየችም። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስሟን አስገብተን ፊልሙን እንደገና አወጣነው። አዳራሹን ግን እንደገና መሙላት አልቻልንም።

ጊዜው ይጨመር የሚሉ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም። «ይኸው፣ ጥድፊያው ያመጣው ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። እኔም ለራሴ እንዲህ ስለው ሰነበትኩ። እውነት ግን አይደለም። የስድስት ሰው ስም ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዓርብ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ስንከራከር አምስት ደቂቃ አጥቼ አይደለም። ጥድፊያው ስሟን አላስረሳኝም፤ ማንን መጀመሪያ እንደማስታውስ ነው ያወጣብኝ። የሚታየውን ሥራ ሥራ ብዬ ቆጥሬ፣ የሚሰማውን አልቆጠርኩትም። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ «እንለፈው» ያልኳትን ልጅ፣ እሑድ አንዴ አለፍኳት። ሁለት ሳምንት ቢኖረኝ «እንለፈው» የምላት ሁለት ጊዜ ሳይሆን ሃያ ጊዜ ነበር።

ስለዚህ የሚስተካከለው ሕጉ እንጂ የጊዜው ርዝመት አይደለም። ለኮሚቴው የማቀርባቸው አምስት ነጥቦች አሉኝ።

አንደኛ፣ ስም በመጀመሪያ ይጻፍ። እያንዳንዱ ቡድን ዕጣ ከማውጣቱ በፊት የስድስቱን አባላት ስምና የሥራ ድርሻ በወረቀት ጽፎ ያስረክብ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ዝርዝር ከዚያ ወረቀት ጋር ካልተመሳሰለ ፊልሙ አይታይ። የእኔ ጥፋት እንደ ወንጀል ሳይሆን እንደ ሕግ ክፍተት ተቆጥሮ ይደፈን።

ሁለተኛ፣ ድምፅ የያዘ ሰው ቀረጻ የማስቆም መብት ይኑረው። ዳይሬክተሩ «እንለፈው» ቢልም፣ ድምፅ ያዡ «አልተያዘም» ካለ ይደገማል። የተበላሸ ምስል ተመልካች ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። በተለይ እንደ እኛ አማርኛውን ቤት ብቻ የሚሰሙ ልጆች ላሉበት አዳራሽ፣ አንድ ቃል ማምለጥ ታሪኩን ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ ሌሊት ይተኛ። ጊዜው ይጨመር የሚሉ ወላጆች ትክክል የሆኑበት ነጥብ ይህ ነው፤ ሁለት ቀን ሳይተኙ ሰኞ ክፍል መግባት ጤና አይደለም። ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ ይከልከል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ዓርብ 4 ሰዓት፣ ቅዳሜ 16 ሰዓት፣ እሑድ 12 ሰዓት፣ በጠቅላላው 32 የሥራ ሰዓት ይተርፋል። የቀን ብርሃንም ቢሆን ከዚያ በላይ አይሰጠንም። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በግምት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ መስጊድ የሚሰግድ ልጅም ሰዓቱን አስቀድሞ ለቡድኑ ይናገር፤ ቡድኑም በዚያው ያቅድ።

አራተኛ፣ ያልተጣራ ፊልም እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይረከብ። ያላማረ ይሁን፤ ድምፁ ያልተስተካከለ ይሁን፤ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ፋይል ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ እስከ 12 ሰዓት ማሳመር ይቻላል። መብራት ቢጠፋ፣ ላፕቶፕ ቢበላሽ፣ ያ ፋይል አለ። በዚህ ሕግ ቢሆን የእኛም በ11 ደቂቃ አይዘገይም ነበር፤ ጭራሽ ያላስረከበውም ቡድን ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። የዚያን ቡድን ቀረጻ አይቼዋለሁ። ከእኛ ይበልጥ ነበር።

አምስተኛ፣ ዳኞች ለፊልሙ ብቻ ሳይሆን ለቡድኑም ነጥብ ይስጡ። እያንዳንዱ አባል ሰኞ ዕለት አንድ ገጽ ይጻፍ፦ እኔ ምን ሠራሁ፣ ማን ረዳኝ፣ ማንን ሳልሰማ ቀረሁ። የመጨረሻውን ጥያቄ ለእኔ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ይኸው አሁን መለስኩት።

ውድ ወላጆችና መምህራን፣ የሁለት ሳምንቱን ሐሳብ ያመጣችሁት ለእኛ ብላችሁ እንደሆነ እናውቃለን። ስንወድቅ አይታችሁ ከሥራችን ፍራሽ ልታነጥፉልን ነው። ነገር ግን ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ የሚጠብቀን ሁሉ ቀነ ገደብ ያለው ነው፤ ፈተናው፣ የቪዛው ቀጠሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻው። እዚያ ጊዜ የሚጨምርልን አናገኝም። ቸኩሎ መሥራትን ብቻ ሳይሆን፣ ቸኩሎም አጠገብ ያለን ሰው አለመርሳትን የምንለማመድበት ቦታ ይህ ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ብንሳሳት በማግስቱ ክፍል ውስጥ ተገናኝተን ይቅርታ እንባባላለን።

ለሚመጣው ዓመት ተወዳዳሪዎች ደግሞ አንድ ነገር። ዓርብ ማታ ዕጣችሁን ስትወስዱ ቡድናችሁ ውስጥ ዝም ያለውን ልጅ ፈልጉት። እሱ የሚሰማው፣ እናንተ የማትሰሙት ነገር ይኖራል። ያቺ ልጅ በሚመጣው ዓመት 11ኛ ክፍል ትሆናለች፤ ዳይሬክተር ልትሆን እንደሆነ ነግራኛለች። ለእኔም ሥራ አልነፈገችኝም፤ እሑድ ጠዋት መጥቼ ፍሪጅ አጥፋ ብላኛለች። የቤቴን ቁልፍ ይዤ እሄዳለሁ።